ሰባቱ መሠረታዊ መጠኖች በእርግጥ ሰባት ናቸው? ጊዜ፣ መጠነ ቁስ፣ ኢነርጂ፣ ቻርጅ... የቱ ይቀድማል?

ጥያቄ_አብዢ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስ ስንጀምር ሁላችንም የሸመደድናት ዝርዝር አለች፦ ርዝመት፣ መጠነ ቁስ፣ ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ ከረንት፣ የሙቀት መጠን፣ የቁስ ብዛት በሞል፣ የብርሃን ድምቀት። «እነዚህ ሰባቱ መሠረታዊ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ከእነሱ ይወጣል» ተብለን አለፍን። ቆም ብዬ ሳስበው ግን ብዙው አልገጥም ይለኛል።

ከረንት በአንድ ሰከንድ የሚያልፍ ቻርጅ ከሆነ ለምን ቻርጁ ራሱ አልተመረጠም? የሙቀት መጠን የቅንጣቶች እንቅስቃሴ ነው እየተባለ እንዴት ለብቻው መሠረት ይሆናል? ሞልስ? ቁጥር እኮ ነው፤ ደርዘንን መሠረታዊ መጠን ያለ ሰው አላየሁም። ኢነርጂ ደግሞ የማይገባበት ምዕራፍ ሳይኖር ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ የመማሪያ መጽሐፉን ትተን ተፈጥሮን ብንጠይቃት መሠረቶቿ የትኞቹ ናቸው?

ባለሚዛን

ሥራዬ ከልኬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዝርዝሩ ልጀምር። ሰባቱን የመረጥናቸው እኛ ነን። የተፈለገው የትኛውም ላቦራቶሪ ራሱን ችሎ ሊያገኛቸው የሚችል፣ ለንግድም ለሳይንስም የሚመች የአሃድ ስብስብ ነበር። ኤስ አይ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጸድቅ መሠረታዊ አሃዶቹ ስድስት ነበሩ። ሞል የተጨመረው በ1971 ነው፤ ኬሚስቶች ስለፈለጉት። በእነዚያ 11 ዓመታት ተፈጥሮ አዲስ መሠረት አላበቀለችም።

የብርሃን ድምቀት አሃድ የሆነችውን ካንዴላን ተመልከት። ድግግሞሹ 540 ቴራ ኸርዝ የሆነ አረንጓዴ ብርሃን 1 ዋት ቢይዝ 683 ሉመን ነው ተብሎ ተደንግጓል። ይህ ቁጥር የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ያለውን ንቃት ተሸክሞ የመጣ ነው። ዓይናችን የተሠራው በሌላ መንገድ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩም ሌላ ይሆን ነበር። አምፖል ለሚሠራ ሰው የግድ ነው፤ ኤሌክትሮን ግን ስለ ካንዴላ ሰምቶም አያውቅ።

ከረንት ቻርጅን የቀደመበት ምክንያት ደግሞ ተራ ነው። በ1948 የጸደቀው ትርጓሜ ሁለት ረጃጅም ትይዩ ሽቦዎችን በ1 ሜትር ልዩነት አስቀምጦ የሚሳሳቡበትን ፎርስ ይጠይቃል፤ በየሜትሩ 2×10⁻⁷ ኒውተን ከሆነ ከረንቱ 1 አምፔር ነው። በዚያ ዘመን ፎርስን በሚዛን መለካት ይቻላል፤ ኤሌክትሮን መቁጠር ግን አይታሰብም። ሜይ 20 ቀን 2019 በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ትርጓሜ ጉዳዩ ተገልብጧል። የአንድ ፕሮቶን ቻርጅ በትክክል 1.602176634×10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው ተብሎ ተቆለፈ፤ አምፔር በሰከንድ ስንት ቻርጅ አለፈ ማለት ሆነ። እንግዲህ ዛሬ በተግባር የሚቀድመው ቻርጅ ነው። አምፔር «መሠረታዊ» በሚለው ዓምድ ሥር የቀረው ነባር ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2019 ወዲህ ሥርዓቱ የቆመው በሰባት መጠኖች ላይ ሳይሆን በሰባት የተቆለፉ ቁጥሮች ላይ ነው፦ የሴሲየም ድግግሞሽ፣ የብርሃን ፍጥነት፣ የፕላንክ ቁጥር፣ የቻርጅ ቅንጣቷ፣ የቦልዝማን ቁጥር፣ የአቮጋድሮ ቁጥርና ያ 683።

ቁርጥ_ያለ

ጊዜ ብቻ። ጨረስን።

ሰከንድ ማለት ሴሲየም-133 የሚሰጠው ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ ሲርገበገብ ነው። ሜትር ማለት ብርሃን በሰከንድ 1/299,792,458 ውስጥ የሚሄደው ነው። ኪሎግራም ከፕላንክ ቁጥር፣ ከሜትርና ከሰከንድ ይወጣል። ኬልቪን ከእነዚህ ከሦስቱና ከቦልዝማን። አምፔር ከሰከንድና ከቻርጅ። ሰከንድ ከማንም አይበደርም፤ ከሞል በቀር ሁሉም ከእሱ ይበደራሉ።

መሐንዲሷ

@ቁርጥ_ያለ ታዲያ ጨረቃ ስንት ሰከንድ ትርቃለች? 🙂

ቁርጥ_ያለ

1.28። ሳተላይት ቦታሽን የሚነግርሽም እንዲሁ ነው። ስልክሽ የሚቀበለው የሰዓት ምልክት ነው፤ አንድ ናኖ ሰከንድ ቢዛነፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ትስቻለሽ።

ኪሎግራምም በጊዜ ይነገራል። መጠነ ቁስን በብርሃን ፍጥነት ካሬ አባዝተሽ ለፕላንክ ቁጥር ብታካፍዪ ድግግሞሽ ታገኛለሽ፦ ለኤሌክትሮን 1.24×10²⁰ ኸርዝ፣ ለአንድ ኪሎግራም 1.356×10⁵⁰ ኸርዝ።

መሐንዲሷ

ሰንሰለቱን አልክድም። ግን የልኬት ሰንሰለት ነው። ሰከንድ ከፊት የተሰለፈው ሰዓት ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ የሚልቅ ትክክለኛነት ስላለው ነው፤ የተሻሉት ሰዓቶች ከ10¹⁸ አንድ ክፍል ድረስ ይደርሳሉ። በሚዛን እንዲህ ያለ ነገር ማን አየ? እኛ የቱን በደንብ መለካት ቻልን የሚለውና ተፈጥሮ በምን ላይ ቆመች የሚለው ለየቅል ናቸው። ነገ የርዝመት መለኪያ ከሰዓት ቢበልጥ ሜትርን አስቀድመን ሰከንድን ከብርሃን ፍጥነት እናወጣ ነበር፤ ፊዚክሱ ላይ አንድ ፊደል አይለወጥም።

ብዙ_ቅንጣት

ስለ ሙቀት መጠን የተነሳው በአንድ መስመር እንዳይታለፍ።

በመጀመሪያ «የቅንጣቶች እንቅስቃሴ ነው» የሚለው ለጋዝ ያህል ይሠራል፤ ትርጓሜው ግን አይደለም። የሙቀት መጠን የሚለካው ኢነርጂ ስትጨምርለት የአንድ ሥርዓት ኢንትሮፒ በምን ያህል እንደሚያድግ ነው። ጥቂት ኢነርጂ ሰጥተኸው ኢንትሮፒው ብዙ ካደገ ቀዝቃዛ ነው፤ ብዙ ሰጥተኸው እምብዛም ካላደገ ሙቅ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን በ1951 ፐርሰልና ፓውንድ በሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል አሳይተዋል፦ የኒውክሊየሶቹ ስፒን (ሽክርክሪት መሰል ውስጣዊ ባሕርይ) ኢነርጂ ሲጨመርለት ኢንትሮፒው የሚቀንስበት ሁኔታ ውስጥ አስገቧቸው። ይህ ማለት የሙቀት መጠኑ ኔጋቲቭ ሆነ። የሚገርመው፣ ኔጋቲቭ የሆነ ሥርዓት ፖዚቲቭ ከሆነው ሁሉ የሞቀ ነው፤ ሲነካካ ኢነርጂ የሚሰጠው እሱ ነው። «እንቅስቃሴ ነው» ባልከው ይህን በፍጹም አትደርስበትም።

ኢንትሮፒስ ምንድን ነው? ቆጠራ። ሥርዓቱ በስንት ዓይነት የውስጥ አደረጃጀት ሊገኝ ይችላል የሚለው ቁጥር ሎጋሪዝም። ቁጥር አሃድ የለውም። አሃድ ያለበሰው የቦልዝማን ቁጥር ነው፤ 1.380649×10⁻²³ ጁል በኬልቪን። ይህ ቁጥር ኬልቪንን ወደ ጁል ከመቀየር በቀር ሌላ ሥራ የለውም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሙቀት በካሎሪ፣ ሥራ በሌላ አሃድ ይለካ ነበር፤ በ1840ዎቹ የጁል ሙከራዎች ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሲያሳዩ 4.18 የምትባለው ቁጥር መቀየሪያ ሆና ቀረች። የቦልዝማን ቁጥርም ዕጣዋ ይኸው ነው። የፕላዝማ ሰዎች ከወዲሁ ትተዋታል፤ የሙቀት መጠንን በኤሌክትሮን ቮልት፣ በአንዲት ትንሽ የኢነርጂ አሃድ፣ ይናገራሉ፣ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ወደ 11,600 ኬልቪን ነው።

ስለዚህ ከሰባቱ የሙቀት መጠንን፣ ሞልንና ካንዴላን ያለ ርኅራኄ ሰርዙ። አራት ቀሩ።

ኳርክ_ነኝ

ሦስት በሉት። ቻርጅም ይወጣል። በድሮው የሴንቲ ሜትር፣ ግራምና ሰከንድ ሥርዓት የኩሎምብ ሕግ ያለ ምንም ቋሚ ቁጥር ይጻፋል፤ የቻርጅ ካሬ ማለት ፎርስ ሲባዛ በርቀት ካሬ። ቻርጅ ከመጠነ ቁስ፣ ከርዝመትና ከጊዜ ተሠራ ማለት ነው። በውስጡ የግራም ካሬ ሥር አለበት፤ ያስቀይማል፣ ግን ይሠራል። ንድፈ ሐሳብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህ ሥርዓት አልወጡም።

የድሮ_መምህር

ልጆች፣ ይህ ክርክር አዲስ እንዳይመስላችሁ። ማክስ ፕላንክ በ1899፣ የኳንተም ሐሳቡን ለዓለም ከማቅረቡ በፊት መሆኑ ነው፣ ከሰው እጅ ያልወጡ አሃዶች እንዲኖሩን ፈለገ። የብርሃንን ፍጥነት፣ የግራቪቴሽንን ቋሚ ቁጥርና በኋላ በስሙ የተጠራውን ቁጥር አጣመረ። ከሦስቱ አንድ ርዝመት፣ አንድ ጊዜና አንድ መጠነ ቁስ ይወጣሉ፦ 1.6×10⁻³⁵ ሜትር፣ 5.4×10⁻⁴⁴ ሰከንድ፣ 2.2×10⁻⁸ ኪሎግራም። የመጨረሻዋን አስተውሉ። ርዝመቱና ጊዜው ከማንኛውም መሣሪያ በታች ሲሆኑ መጠነ ቁሱ ግን 22 ማይክሮግራም ገደማ ነው፣ ጥሩ ሚዛን የሚይዘው። ለአንድ ቅንጣት ግን ግዙፍ ነው፤ ከፕሮቶን ከ10¹⁹ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ግራቪቴሽን በቅንጣቶች ዓለም ለምን ደካማ ሆነ የሚለው ጥያቄ እዚህች ቁጥር ውስጥ ተቀምጧል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሦስት የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ይህንኑ ይዘው ተከራከሩ። ክርክሩ በ1992 በሰርን (በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል) ተነስቶ በ2002 በጋራ አሳተሙት፤ ያሳተሙትም ሳይስማሙ ነው። ሌቭ ኦኩን ሦስት አለ፦ የብርሃን ፍጥነት የሬላቲቪቲ፣ የፕላንክ ቁጥር የኳንተም፣ የኒውተን ቁጥር የግራቪቴሽን ድንበር ናቸው፤ አንዳቸውም አይቀሩም። ጋብሪኤሌ ቬኔዚያኖ በስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ሁለት ይበቃሉ አለ፦ የብርሃን ፍጥነትና የስትሪንጓ ርዝመት። ማይክል ደፍ ደግሞ ዜሮ አለ። በእሱ ዘንድ ሦስቱም ልክ እንደ ቦልዝማን ቁጥር መቀየሪያዎች ናቸው። ጊዜና ርዝመትን በተለያየ አሃድ መለካት ስለመረጥን የብርሃን ፍጥነት ቁጥር ሆኖ ብቅ አለ፤ ሁለቱን በአንድ አሃድ ብንለካ አንድ ሆኖ ይጠፋል።

እኔ ስሜቴ ወደ ደፍ ያደላል። ሳስተምር ግን እንደ ኦኩን ነው የማስተምረው፤ «ዜሮ» ብዬ ክፍል ብገባ ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ይወጣል።

ጥያቄ_አብዢ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው? ያለ ምንም መጠን ፊዚክስ ሊኖር ነው?

የድሮ_መምህር

መጠኖቹ አሉ፤ የሚጠፉት አሃዶቻቸው ናቸው። የሚቀሩት ጥምርታዎች ናቸው። ፕሮቶን የኤሌክትሮንን 1,836.15 እጥፍ ይመዝናል። ይህን በግራምም በወቄትም ለካው፣ አይለወጥም። የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ብርታት የምትነግረው ቁጥር፣ አልፋ የምንላት፣ 1/137.036 ናት፤ ከቻርጅ፣ ከፕላንክ ቁጥርና ከብርሃን ፍጥነት ተሠርታ አሃዱ ሁሉ ተሰራርዞ ባዶ ቁጥር ሆና ትወጣለች። ከሌላ ኮከብ የመጣ የፊዚክስ ሊቅ ቢኖር ሜትር አያውቅም፣ ሰከንድ አያውቅም፤ 137.036 ብትለው ግን ያውቃታል። ስታንዳርድ ሞዴል የሚባለው የቅንጣቶች ንድፈ ሐሳብ የኒውትሪኖዎችን መጠነ ቁስ ሳይጨምር ከሙከራ ብቻ የሚገኙ 19 ቁጥሮች አሉት። ለምን ያንን ዋጋ ያዙ ለሚለው መልስ ያለው ሰው የለም።

መሐንዲሷ

መምህር፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። አሃድን «መቀየሪያ ነው» ብሎ መወርወር ለወረቀት ይቀላል፤ ለሚያሰላ ሰው ግን ትልቁን መሣሪያ መጣል ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ሙከራ ፎቶዎች በኋላ ይፋ ሲወጡ በላያቸው የጊዜና የርዝመት ምልክት ነበረባቸው። ጂ. አይ. ቴይለር ከእነሱ ተነስቶ የፍንዳታውን ኢነርጂ አሰላ፤ በ1950 አሳተመው። የስሌቱን አጥንት ማንም ይደርስበታል። የእሳቱ ኳስ ስፋት የሚመካው በኢነርጂው፣ በአየሩ እፍጋትና ባለፈው ጊዜ ብቻ ነው እንበል። ከሦስቱ ኢነርጂ የሚሰጥ አንድ ጥምረት ብቻ አለ፦ እፍጋት ሲባዛ በሬዲየስ አምስተኛ ርቢ፣ ሲካፈል ለጊዜ ካሬ። በ25 ሚሊ ሰከንድ ሬዲየሱ 140 ሜትር ገደማ ነው። እፍጋቱን 1.2 ኪሎግራም በሜትር ኩብ አድርጋችሁ አስሉት፤ ወደ 10¹⁴ ጁል፣ ማለት 25 ኪሎ ቶን ቲኤንቲ አካባቢ ይመጣል። አንድም እኩልታ ሳንፈታ! ይህን የሰጠን ርዝመትን፣ መጠነ ቁስንና ጊዜን ለየብቻ መያዛችን ነው። ሁሉንም አንድ ባደርግ እፍጋትን ከጊዜ የምለይበት ነገር አይኖረኝም፤ ስሌት ስሳሳትም የሚይዘኝ የለም።

ለእኔ ሦስቱ መሠረታዊ ናቸው። የተፈጥሮ ባይሆኑ የአእምሮዬ ናቸው።

ኳርክ_ነኝ

ዳይሜንሽን (አንድ መጠን ከየትኞቹ መሠረታዊ መጠኖች እንደተሠራ የሚነግረው) እኮ ራሱ ሁሉን አይለይም። ቶርክም (የማዞር ብርታት) ኢነርጂም ኒውተን ሜትር ናቸው፤ አንድ ነገር ናቸው የሚል መሐንዲስ ግን የለም። ኸርዝና የራዲዮአክቲቭ አሃዱ ቤከረልም ሁለቱም «በሰከንድ» ናቸው።

መሐንዲሷ

ይህ የኔን ሐሳብ ያጠናክራል፤ ዳይሜንሽን በዛ ሳይሆን አነሰ እያልክ ነው። ማዕዘንን ስምንተኛ መሠረት አድርጉልኝና ቶርክ በ«ጁል በራዲያን» ይለካ፤ ችግሩ ይፈታል።

አለት_ፈላጊ

«የብርሃን ፍጥነት ቢለወጥስ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ስለሆነ ቀድሜ ልናገር፣ ዜሮ የሚሉት ሰዎች የረቱበት ቦታ ይህ ይመስለኛል።

የብርሃን ፍጥነት ብቻውን ተለወጠ ማለት በሙከራ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። ሜትሩም የተሠራው ከአቶም ነው፣ ሰዓቱም ከአቶም ነው፤ አቶሞቹ ደግሞ በእነዚያው ቁጥሮች ይገዛሉ። መለካት የሚቻለው አሃድ አልባዎቹ መለወጣቸው ነው። ጋቦን ውስጥ ኦክሎ የሚባል የዩራኒየም ማዕድን ቦታ አለ። በ1972 ከዚያ የወጣ ማዕድን ውስጥ ዩራኒየም-235 ከሚጠበቀው አንሶ ተገኘ፤ 0.7202 በመቶ መሆን ሲገባው 0.7171። ሲመረመር ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አለቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ፣ ማንም ሳይነካው የተቀጣጠለ የኒውክሊየር ሪአክተር ነበረ።

ከክርክራችን ጋር ምን አገናኘው? ሳማሪየም-149 ኒውትሮንን አብዝቶ የሚውጠው ኢነርጂው በ0.097 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲሆን ነው። ይህች ትንሽ ኢነርጂ የሁለት ግዙፍ ነገሮች መቻቻል ውጤት ናት፤ የኒውክሊየሱ ውስጣዊ መሳሳብና የቻርጆቹ መገፋፋት። አልፋ በጥቂቱ ብትዛነፍ ቦታዋን ትስታለች፤ በአለቱ ውስጥ የቀረው ሳማሪየም መጠንም ሌላ ይሆናል። አሌክሳንደር ሽሊያክተር ይህን በ1976 አስተዋለ። በ1996 ዳሙርና ዳይሰን ደግመው ሲያሰሉት አልፋ በ2 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ እንዳልተለወጠች ወጣ። ድንጋይ የመሰከረው ስለ ብርሃን ፍጥነት ወይም ስለ ቻርጅ ለየብቻ አይደለም። ስለ አልፋ ነው፤ ሊመሰክር የሚችለውም ስለ እሷ ብቻ ነው።

ሁሉም_ንቃት

ሁላችሁም ተሳስታችኋል፤ መሠረቱ ንቃተ ህሊና ነው፤ ሳይንስ ገና አልደረሰበትም።

ቁርጥ_ያለ

አሃዱ ስንት ነው?

የኤሚ_ወዳጅ

እስካሁን ስለ አሃድ ተባላችሁ። እኔ ከኢነርጂ ጥያቄ ልግባ፤ የክሩ ሥጋ እሱ ይመስለኛል።

ኒውተን ዘንድ ንጉሡ ፎርስ ነው። ላግራንጅና ሃሚልተን ጋር ስትደርስ ከዙፋኑ ወርዷል፤ ኢነርጂን ከጻፍክ ፎርሱ ከእሱ ይወጣል። የሽሮዲንገር እኩልታ ውስጥ ጭራሽ የለም። ከዚያም አልፎ፣ በ1959 አሃሮኖቭና ቦም አንድ ነገር ተነበዩ፦ ኤሌክትሮን ማግኔቲክ ፊልድ በሌለበት፣ ምንም ፎርስ በማያገኘው መንገድ ሄዶ እንኳ፣ መንገዱ የተከለለ ፊልድ ከከበበ የሞገዱ ፌዝ (የርግብግቢቱ ደረጃ) ይዛነፋል። በ1986 የቶኖሙራ ቡድን ማግኔቱን በሱፐርኮንዳክተር ሸፍኖ፣ ፊልዱ እንዳያፈተልክ አድርጎ አሳየው። ፎርስ ዜሮ ሆኖ ውጤት አለ። ከዚያ ወዲያ ፎርስን መሠረታዊ የሚል ሰው ያስገርመኛል።

ኢነርጂስ? የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኖዘር በ1918 ያሳተመችው ቲዎረም መልሱን ይሰጣል። ሕጎቹ ዛሬም ነገም አንድ ከሆኑ የማይጠፋ መጠን አለ፤ ስሙ ኢነርጂ ነው። እዚህም እዚያም አንድ ከሆኑ ሞመንተም አለ። ወደየትም ብትዞር አንድ ከሆኑ አንግዩላር ሞመንተም አለ። ቻርጅም ከሲሜትሪ ነው፤ የኤሌክትሮንን ሞገድ ፌዝ ሁሉ ቦታ እኩል ብታዞረው ምንም የማይለወጥ ስለሆነ። እንግዲህ ኢነርጂ በዕቃ ውስጥ የተቋጠረ ፈሳሽ አይደለም፤ የጊዜ አንድ ወጥነት በቁጥር ሲነገር ነው።

ጥንዶቹን ደግሞ ተመልከቱ፦ ኢነርጂ ከጊዜ፣ ሞመንተም ከቦታ፣ አንግዩላር ሞመንተም ከማዕዘን። የየጥንዶቹ ብዜት አንድ ዓይነት ነው፤ አክሽን ይባላል፣ በጁል ሰከንድ ይለካል። የፕላንክ ቁጥር አሃድም ይኸው ነው። በፋይንማን አጻጻፍ አንድ ቅንጣት በሁሉም መንገድ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ መንገድ አክሽኑ ለፕላንክ ቁጥር (በ2π ለተካፈለው) ተካፍሎ በሚሰጠው ማዕዘን ይዞራል፤ ከዚያ ሁሉም ይደመራል። አንዱ መንገድ ጎልቶ ሲወጣ እሱን ነው ክላሲካል ፊዚክስ የምንለው።

ድምፄን ለአክሽን እሰጣለሁ። ከሰባቱ ውስጥ አለመኖሩ ዝርዝሩን ያሳፍራል።

ሰማይ_ተመልካች

@የኤሚ_ወዳጅ ቆንጆ ነው፤ ግን የራስሽን ቲዎረም እስከ ጫፍ ውሰጂው። አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ ነው፤ ትናንትና ዛሬ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ለመላው አጽናፈ ዓለም የማይለወጥ አንድ ጠቅላላ ኢነርጂ የለም። የጥንቱ ጨረር ሲለቀቅ 3,000 ኬልቪን ገደማ ነበር፤ ዛሬ 2.725 ነው። የእያንዳንዱ ፎቶን ሞገድ ወደ 1,100 ጊዜ ተለጥጧል፣ ኢነርጂውም በዚያው ልክ ወርዷል። የት ሄደ? የትም። እንዳይጠፋ የሚያስገድደው ሲሜትሪ አልነበረም።

ሲሜትሪን ይዘሽ መሠረት ከፈለግሽ ኢነርጂን ትተሽ በ1939 ዊግነር ወዳሳየው ሂጂ። በልዩ ሬላቲቪቲ ሲሜትሪ ሥር አንድን ቅንጣት የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መጠነ ቁስና ስፒን። ኢነርጂ እንደ ተመልካቹ ይለያያል፤ እነዚህ ለሁሉም ተመልካች አንድ ናቸው።

ኳርክ_ነኝ

መጠነ ቁስን ስታነግሥ ግን ፕሮቶንን ጠይቃት። 938 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ትመዝናለች፤ የተሠራችባቸው ሦስቱ ቅንጣቶች፣ ኳርኮቿ፣ ለቅንጣቶች መጠነ ቁስ ከሚሰጠው የሂግስ ፊልድ ያገኙት ተደምሮ 9 ገደማ ነው። የቀረው 99 በመቶ የግሉኦኖች (ኳርኮቹን የሚያጣብቁት) እና የኳርኮቹ ኢነርጂ ነው። ሚዛን ላይ ስንወጣ የሚነበበው በአብዛኛው የታሰረ ኢነርጂ ነው።

ሰማይ_ተመልካች

ልክ ነህ፤ ለኤሌክትሮን ግን እንዲህ አትልም። የተዋቀረ ነገር ሁሉ መጠነ ቁሱ ከውስጡ ይወጣል፤ ያልተዋቀረው ሂግስ ጋር ባለው ቁርኝት ይወሰናል፤ ያ ቁርኝት ደግሞ አሃድ አልባ ቁጥር ነው። መምህሩ ከ19ኙ ያሏቸው ውስጥ ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ_አብዢ

ጭንቅላቴ ዞረ፤ ግን በደስታ ነው። አንድ ነገር ቀረኝ። ፕላንክ የግራቪቴሽንን ቁጥር ተጠቅሞ ሙሉ ሥርዓት ከሠራ፣ በ2019ኙ ላይ ለምን እሱን ቆልፈው ሴሲየምን አላባረሩም? ሴሲየም እኮ አንድ ተራ አቶም ነው፤ ከሰባቱ ሁሉ የሚያስከፋው እሱ ነው።

ባለሚዛን

ስለማንችል ነው። ካቨንዲሽ የመሬትን እፍጋት ለማግኘት የእርሳስ ኳሶቹን ካንጠለጠለበት ከ1798 ጀምሮ ግራቪቴሽን ሲለካ ኖሯል፤ ዛሬ የያዝነው 6.67430×10⁻¹¹ ከ100,000 በሁለት እጅ ያህል ያጠራጥራል። ግራቪቴሽን ደካማ ነው፣ ሊጋረድም አይችልም፤ በሕንፃው በኩል የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ይስባል። የተለያዩ ቡድኖች ውጤትም ከተናገሩት ስህተት በላይ ይለያያል። የሴሲየም ሰዓት ግን ከ10¹⁶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው የሚስተው። የግራቪቴሽንን ቁጥር ብንቆልፍ ያ ጥርጣሬ ቁጥሩን ጥሎ ወደ ሰከንዱ ይገባል፤ የሰዓታችን ጥራት ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ይወርዳል። ሳተላይቱም ስልኩም ይቆማል።

ሴሲየም ግን ለዘላለም አይደለም። በስትሮንቲየምና በይተርቢየም የሚሠሩ የብርሃን ሰዓቶች ከበለጡት ቆይቷል። ስትሮንቲየም በ429 ቴራ ኸርዝ ገደማ ይርገበገባል፤ ከሴሲየም 9.2 ጊጋ ኸርዝ ጋር ሲነጻጸር ከ46,000 ጊዜ በላይ ይፈጥናል። ሰከንድን በእነዚህ በአንዱ ወይም በብዙዎቹ ጥምረት እንደገና ለመተርጎም በ2030 ላይ እንዲጸድቅ እየተሠራ ነው። የቀረው ክርክር የትኛው አቶም ይሁን የሚለው ነው፤ እሱን ተፈጥሮ አትነግረንም፣ በድምፅ ነው የሚወሰነው።